በባጃጅ ወደ 1440 ዓ.ም.፦ ስሕተቱን ልጅቷ ትሳሳት እንጂ ፊልሙ አይሳሳት

ጥያቄው፦ «አዳማ የምንኖር ስምንት ጓደኛሞች ነን። ለቤተሰብ የሚሆን አስቂኝ ፊልም ጽፈናል። የ11 ዓመት ልጅ ከአያቷ ጋር ባጃጅ ተሳፍራ ሳታስበው ወደ መካከለኛው ዘመን ትሄዳለች። ንጉሡ በግንብ ቤተ መንግሥቱ ይቀበላቸዋል፣ ጠመንጃ የያዙ ዘበኞች ያስፈራሯቸዋል፣ በመጨረሻ ቡና ተፈልቶ፣ ዶሮ ወጥ ቀርቦ ይታረቃሉ። ጎንደር ድረስ ሄደን ለመቅረጽ አቅም ስለሌለን ግንቡን በግሪን ስክሪን ልንሠራው ነው። አንድ መምህራችን ዘመኑ ተምታቶባችኋል አሉን። እኛ ደግሞ ኮሜዲ ስለሆነ ማን ልብ ይለዋል ብለናል። በትንሽ ገንዘብ እዚሁ አዳማ ዙሪያ መሥራት ይቻላል? ምን እንገንባ? ምን እንተው?»

መምህራችሁ ልክ ናቸው፤ «ኮሜዲ ነውና ማን ልብ ይለዋል» የሚለው ሐሳብ ደግሞ ፊልሙን ከታሪኩ ይልቅ በሣቁ ይጎዳዋል። የጊዜ ጉዞ ኮሜዲ የሚያስቀው ሁለት ዘመን ሲጋጭ ነው። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ኔትወርክ ስትፈልግ ተመልካች የሚስቀው በዙሪያዋ ያለው ዓለም የምር ከሆነ ብቻ ነው። ዘበኛው ጠመንጃ ከያዘ፣ ከጀርባው ባሕር ዛፍ ከቆመ፣ ጀበናው ከተጣደ ልጅቷ የትም አልሄደችም፤ ያለችው የሰርግ ልብስ የለበሱ ዘመዶቿ መሀል ነው። ስለዚህ አንድ ደንብ ያዙ፦ ስሕተቱን ልጅቷ ትሳሳት፣ ፊልሙ አይሳሳት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ደንብ የሚወጣ ነው።

በመጀመሪያ የተምታታውን እናስተካክል። የጎንደር ግንብ የአፄ ፋሲለደስ ነው፤ እሳቸው የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ. ነው። መካከለኛው ዘመን ስንል ባብዛኛው የምናስበው ከዛጔ ነገሥታት እስከ 16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያለውን ስለሆነ ግንቡ ቢያንስ በመቶ ዓመት ዘግይቷል። ጠመንጃም በብዛት የመጣው በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በግራኝ አህመድና በፖርቱጋሎች ጦርነት ጊዜ ነው። የወጡ ነገር ከዚህም ይብሳል። በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም ቀይ ወጥ አልተሠራም። በቆሎ፣ ድንች፣ ቲማቲምና የሚበላው በለስ የመጡትም ከዚያው ነው። ቡናው ተክሉ የእኛ ጫካ ቢሆንም፣ መጠጡ በጽሑፍ ተመዝግቦ የምናገኘው በ15ኛው መቶ ዘመን የመን ውስጥ ነው። የደጋው ክርስቲያን ደግሞ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ድረስ ከቡና ይርቅ ነበር። ስለዚህ ስኒ ተደርድሮ፣ ጀበና ተጥዶ የሚታረቁበት መጨረሻ ይውጣ።

ይህን ሁሉ ስታወጡ ባዶ እጃችሁን የቀራችሁ ይመስላችኋል። የተረፋችሁ ግን ከወጣው ይበልጣል። በርበሬ የለም ማለት አያትየው ዘንቢላቸው ውስጥ የያዙት ግማሽ ኪሎ በርበሬ በዚያ አገር ላይ ያለው ብቸኛው በርበሬ ነው ማለት ነው። ባለወጧ በዝንጅብል፣ በኮረሪማና በጥቁር አዝሙድ አልጫ ሠርታ ታቀርባለች፤ አያት በጣታቸው ቀምሰው ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ቀስ ብለው ዘንቢሉን ይፈቱታል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ቡና የለም ማለት ደግሞ በቀን ሦስቴ የሚጠጡት አያት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት ይጀምራቸዋል ማለት ነው፤ ሕመሙ የሚጠናው በሁለተኛው ቀን ነው፣ ከሳምንት በላይም አልፎ ሊሄድ ይችላል። በታሪኩ ሁለተኛ ቀን አያት ራሳቸውን በነጠላ ጠፍረው «ቡናዬን!» ሲሉ ሕዝቡ ቡና የሚባል ጋኔን የያዛቸው መስሎት ጠበል ሊወስዳቸው ይነሳል። ይህን ሣቅ የሰጣችሁ ትክክለኛው ታሪክ ነው፤ ጀበናውን ብታስቀሩት ኖሮ አታገኙትም ነበር።

አሁን አንድ ዓመትና አንድ ቦታ ምረጡ። «መካከለኛው ዘመን» ብሎ መተው ለጸሐፊ ወጥመድ ነው፤ በየገጹ ሌላ ዘመን ያስገባል። ለአዳማ የሚስማማው የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው። የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የተወለዱትም በፈጠጋር ነው። ፈጠጋር የሚባለው የያኔው አውራጃ ከሸዋ ደቡብ ምሥራቅ ያለውን፣ የዛሬዋ አዳማ ያለችበትን አካባቢ ይነካል። ዓመቱን 1440 ዓ.ም. አድርጉት፤ በእ.ኤ.አ. 1447/48 መሆኑ ነው። ንጉሡ ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው ለረጅም ጊዜ የተቀመጡት ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ በ1440 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ቦታ። ግንብ አያስፈልጋችሁም፣ ግሪን ስክሪንም አያስፈልጋችሁም። ገንዘባችሁን ያዳነላችሁ ታሪኩ ራሱ ነው።

የዓመቱ አቆጣጠር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጅቷ «ዓመቱ ስንት ነው?» ብላ ብትጠይቅ ማንም «1440» አይላትም። ከሊቃውንቱ አንዱ ከዓለም ፍጥረት ቆጥሮ ሊመልስላት ይችላል፤ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ስለሚባል 5500 ሲደመር 1440፣ 6940 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ልጅቷ ወደፊት አምስት ሺህ ዓመት የሄደች ይመስላታል። እዚህ ላይ ተመልካቹም ለአፍታ አብሯት ይደናገጣል፣ ከዚያ አያት በጣታቸው ይቆጥሩላታል። በሰዓት በኩል ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ አያትና የዚያ ዘመን ሰው ከፀሐይ መውጫ ስለሚቆጥሩ ይግባባሉ፤ ስልኩ ብቻ ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ከሁለት ሰዓት ጠዋት ጋር ይጣላል።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ ዓቃቤ ሰዓት የሚባል ታላቅ ሹም ነበር። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት የሚይዘው ማዕረግ ነው፤ ቃሉ ሲተረጎም የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። የጊዜ ጉዞ ፊልም ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ከዘመን ያመለጠች ልጅ የእጅ ሰዓቷን አስራ በሰዓት ጠባቂው ፊት ትቆማለች። ዋናው ተቃራኒ ገጸ ባሕርይ እሱ ይሁን፤ ክፉ አታድርጉት፤ ሥራውን አክባሪ፣ ዝርክርክነት የማይወድ፣ በመጨረሻ ግን ልጅቷን ወደ ጊዜዋ የሚመልስ። ይህን ማዕረግ አሁን በጻፋችሁት ድርሰት ውስጥ አላስገባችሁትምና መጀመሪያ የምትጨምሩት እሱን ነው።

ቋንቋውን ስታስቡ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሁሉንም በግእዝ ማናገር ነው፤ አይሆንም። ግእዝ የጽሕፈትና የቅዳሴ ቋንቋ ነበር፣ በየድንኳኑ የሚነገረው ግን አማርኛና ሌሎች ቋንቋዎች ናቸው፤ ለነገሥታት በጥንታዊ አማርኛ የተገጠሙ ግጥሞችም እስከ ዛሬ ቆይተዋል። ያንን አማርኛ እንዳለ ብታስገቡት ግን ንግግሩ የሚገባው ተመልካች አይኖርም። የሚሠራው ሁለተኛው ነው፦ የዛሬ አማርኛ ሆኖ ከውጭ የገቡ ቃላት የተነቀሉበት። ኦኬ፣ ቻው፣ መኪና፣ ፖሊስ፣ ሻይ፣ ሥልክ የሚሉት ከልጅቷና ከአያቷ አፍ ብቻ ይውጡ። የዘመኑ ሰዎች ዓረፍተ ነገር አጭርና ቁርጥ ያለ ይሁን። «ኧረ ባክህ» የሚል የዛሬ ቅላጼ ከጦር አለቃ አፍ ከወጣ የገነባችሁት ሁሉ ይፈርሳል።

እውነተኛው የቋንቋ ሣቅ ያለው ትርጉማቸው በተቀየረ ቃላት ላይ ነው። «ከተማ» መጀመሪያ የጦር ሰፈር፣ ንጉሡ የሰፈረበት ቦታ ነው። ልጅቷ መንገደኛውን «ወደ ከተማ ውሰደኝ» ስትለው ሰውየው አክብሮ በቀጥታ ንጉሡ ሰፈር ይወስዳታል፤ እሷ የጠበቀችው መናኸሪያ ነው። «ጨዋ» በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የንጉሡ ጦር ክፍል ስም ነበር። እናቷ ከቤት ስትወጣ «ጨዋ ሁኚ» ብላት ነበር፤ ሰፈሩ በር ላይ «ማን ነሽ?» ስትባል እንደ ታዛዥ ልጅ «እኔ ጨዋ ነኝ» ትላለች። ጦርና ጋሻ ተሸክማ ሰልፍ ውስጥ ራሷን ታገኛለች። «ብር» ደግሞ ያኔ ማዕድኑ ነው። የአክሱም ሳንቲም መቀረጽ ካቆመ ብዙ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ገበያው የሚንቀሳቀሰው በአሞሌ ጨውና በዕቃ ልውውጥ ነው። ልጅቷ ወረቀት አውጥታ «መቶ ብር ነው» ስትል ነጋዴው ወረቀቱን ገልብጦ ብሩን ይፈልጋል። እነዚህ ቀልዶች እንዲይዙ ግን መጀመሪያ በዛሬዋ አዳማ መዘራት አለባቸው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች እናትየው «ጨዋ ሁኚ»ን ሦስት ጊዜ ትበል፤ ልጅቷም «ከተማ» እና «መቶ ብር»ን ሳይታወቅ አንዳንድ ጊዜ ትጥቀሳቸው። ሳይዘራ የበቀለ ቀልድ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ የተብራራ ቀልድ ደግሞ አያስቅም።

ንጉሡን አታሳዩ። ዘርዓ ያዕቆብ ታላቅ ደራሲና አስተዳዳሪ ቢሆኑም ዜና መዋዕላቸው ብዙ ቅጣትና ግድያ አለበት፤ ያንን ልጆች ለሚያዩት ሣቅ ማድረግ ለታሪኩም ለልጆቹም አይበጅም። ደግነቱ በዚያ ዘመን ንጉሥ በየሰዉ ፊት አይታይም። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አፄ ልብነ ድንግል የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን አባል ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ንጉሡ በመጋረጃ ውስጥ ሆነው በአማላጅ እየተላላኩ እንዳነጋገሯቸው ጽፏል። እናንተም መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ፣ በመካከል የሚመላለስ መልእክተኛ አድርጉ። መልእክተኛው የልጅቷን ንግግር ለንጉሥ ጆሮ ሲያሳምረው፣ የንጉሡን መልስ ለልጅቷ ሲያሳጥረው ራሱን የቻለ የኮሜዲ ክፍል ይወጣዋል። ለንጉሥ የሚሆን ውድ ተዋናይና አልባሳትም ቀረላችሁ።

ሌላ ጥንቃቄ። ፈጠጋር ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው የሚገበያዩበት አካባቢ ነበር፤ በ1445 እ.ኤ.አ. ከአዳል ጋር ትልቅ ጦርነት ቢካሄድም። የአዳማ ሲኒማ ውስጥ የሁለቱም እምነት ቤተሰቦች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱን ወገን መሳለቂያ ወይም አስፈራሪ ያደረገ ትዕይንት እንዳይኖር፤ ሙስሊሙ ነጋዴ አሞሌና ጨርቅ ይዞ የሚመጣ ብልህ ሰው ይሁን። ታቦት፣ ቅዳሴ፣ ጸሎት ቀልድ ውስጥ አይግባ። እውነተኛ የካህን ልብሰ ተክህኖም ለተዋናይ አይለበስ።

የቦታ ጉዳይ ላይ ልቆይ፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አዳማ ዙሪያ ግራር፣ ቁልቋል፣ ቋጥኝና አዋሽ አላችሁ፤ እነዚህ ሁሉ ያኔም ነበሩ። ቁልቋል የአገራችን ነው፤ ቅጠሉ እንደ ሰሐን የሆነው በለስ ግን አይደለም፣ ሁለቱን አታምታቱ። ቆቃ ሐይቅ ያኔ አልነበረም፤ በግድብ የተፈጠረው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። የወንጂ ሸንኮራ አገዳም የ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ባሕር ዛፍ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ኒም ዛፍ፣ የበቆሎ ማሳና መንገድ ዳር የሚበቅለው ነጭ አበባ ያለው ቅንጬ አረምም ከፍሬሙ ይውጡ። አረሙን ለመንቀል ጓንት አድርጉ፤ ቆዳና ትንፋሽ ያስቆጣል። ከሁሉ የሚያስቸግራችሁ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ኮረብቶች ላይ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ናቸው፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር ይታያሉ፣ ስለሚሽከረከሩም ዓይን ይስባሉ። መፍትሔው ሸለቆ ወይም ገደላማ ቦታ መምረጥና ካሜራውን ከፍ አድርጎ ወደታች ማየት ነው፤ አድማሱ ከፍሬም ሲወጣ ተርባይኑም፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶውም አብሮ ይወጣል። ለቅርብ ቀረጻ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ2.8 ክፍተት ተጠቀሙ፤ ጀርባው ይደበዝዛል። ሰፊ ሌንስ ለሦስት ወይም አራት ቀረጻ ብቻ ይበቃችኋል።

ወሩን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አድርጉት። ጤፍ የሚታጨድበት፣ በበሬ የሚወቃበት ጊዜ ነው፤ አውድማው ሳትገነቡት የቆመ ትዕይንት ነው። ገበሬውን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ሥራውን ሳታስተጓጉሉ፣ ላዋላችሁት ጊዜ ከፍላችሁ ቅረጹ። በሬው ሻኛ ያለው የአገር ከብት ይሁን፣ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር የሆነችው የፈረንጅ ላም ከሩቅ እንዳትታይ። ዶሮም እንደዚሁ፤ ነጯ የእርባታ ዶሮ አንድ ጊዜ ካለፈች የገነባችሁት ዘመን አብሯት ያልፋል። የአዳማ ጋሪ በፊልሙ የ1440 ዓ.ም. ክፍል ውስጥ አይታይ። በዚያ ዘመን በአገራችን ጎማና መንኮራኩር ያለው ማጓጓዣ አልተለመደም፤ ጭነት በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ነው። ይህም ባጃጃችሁን የበለጠ ያስገርመዋል፦ ሰዎቹ መጀመሪያ የሚገረሙት በሞተሩ ሳይሆን በሦስቱ እግሮቹ መዞር ይሁን። ባለማዕረግ ሰው በበቅሎ ይቀመጥ፤ የጦር ፈረሱ ከኋላው ይጎተት። ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ሆኖ እርካቡን በአውራ ጣቱ ይያዝ። ይህን ትንሽ ነገር በቅርብ ብታሳዩት ከአሥር ጋሻ ይበልጣል።

ስለ ጊዜ ሽግግሩ፤ ግሪን ስክሪን ይቅር የምለው በግንቡ ምክንያት ብቻ አይደለም። አዳማ ነፋሻማ ናት፤ ጨርቁ ይርገበገባል፣ ጥላ ይፈጥራል። የነጠላና የሸማ ዘርፍ ስስና ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ አረንጓዴው በውስጡ ይገባል፤ ስትቆርጡት ጠርዙ የተበላ ይሆናል። ይልቅስ በካሜራው ብቻ ሥሩት። ትራይፖዱን ግራር ያለበት አንድ ቦታ ላይ ትከሉ፤ እግሮቹ ያረፉበትን በድንጋይ ምልክት አድርጉ፣ የሌንሱን ርዝመትና ከፍታውን ጻፉ። ባጃጁ በአቧራ ውስጥ ሲገባ ካሜራው በፍጥነት ወደ ቀኝ ይዙር። በማግስቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከዚያው ነጥብ፣ ካሜራው ከግራ በፍጥነት ዞሮ ሲቆም ቀረጻውን ቀጥሉ፤ አሁን መንገዱ የለም፣ ግራሩ ግን አለ። ሁለቱን የድብዘዛው መሀል ላይ ብትቆርጧቸው መጋጠሚያው አይታይም። ሰዓቱ ካልተመሳሰለ ጥላው ይዘላል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ፍጥነቱን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ መዝጊያውን 1/50 አድርጉ፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል ያለበት ትዕይንት እንዳይብለጨለጭ ያደርጋል።

ለጉዞው አንድ ሕግ ብቻ ስጡት፦ ባጃጁ ለመሄድም ለመመለስም ቤንዚን ይፈልጋል። አዳማ ውስጥ ለቤንዚን ወረፋ መያዝ ምን እንደሆነ ተመልካቹ ያውቀዋል፤ ከወረፋው ያልደረሳት ልጅ ግማሽ ታንክ ይዛ ትሄዳለች፤ ደርሳ ስትፈትሽ የመመለሻ የላትም። 1440 ዓ.ም. ውስጥ ቤንዚን የለም። ሕጉን በመሀል አትቀይሩ። በመጨረሻ «ተአምር ሆኖ ተነሣ» ካላችሁ ልጆች ይናደዳሉ፤ ልጅ ከአዋቂ ይበልጥ ሕግ ያስታውሳል። ተጠባባቂ ጀሪካን አያት ወንበር ሥር እንዳለ በመጀመሪያው ክፍል ለሁለት ሰከንድ አሳዩ፤ ያ ይበቃል። ቀረጻው ላይ ከብት አጠገብ ሞተር አታስነሡ፤ በሬና በቅሎ ይደነብራሉ። ባጃጁን በገመድ እየጎተታችሁ ቅረጹና የሞተሩን ድምፅ በኋላ ጨምሩበት።

ድንኳን ሦስት ይበቃችኋል። ከሰርግ ቤት የሚከራየው ባለብረት፣ ባለሰማያዊ መስመር ድንኳን አይሆንም፤ አቡጀዲ ገዝታችሁ ስፉ። 4 ሜትር በ4 ሜትር ሆኖ ግድግዳው 2 ሜትር፣ ጣሪያው ከግድግዳው በላይ 1.5 ሜትር ከፍ ያለ ድንኳን ለግድግዳ 32፣ ለጣሪያ 20፣ በጠቅላላ 52 ካሬ ሜትር ጨርቅ ይፈልጋል። አቡጀዲው 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው 58 ሜትር ያህል ነው፤ ለስፌትና ለመቀነስ ጨምራችሁ 66 ሜትር ግዙ። ከመቁረጣችሁ በፊት በሙቅ ውኃ እጠቡት፤ ይሸመቀቃል፣ ሙጫውም ካልወጣ ቀለም አይቀበልም። ምሰሶው ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ከሆነ በቃጫ ገመድ ጠምጥሙት። ናይለን ገመድ ከሩቅም ያበራል። ሁለት ድንኳኖችን ከፊት፣ ሦስተኛውን በግማሽ መጠን ሰፍታችሁ 30 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ዓይን ሰፊ ሰፈር ያያል። በትንሿ ድንኳን አጠገብ አዋቂ እንዳይቆም፤ ልጆች ይቁሙ፣ አለዚያ ልኩ ይጋለጣል። የእኩለ ቀን ፀሐይ ውጭ ፊትን ያጠቁራል፤ ድንኳን ውስጥ ግን አቡጀዲው ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ውጭውን ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ተኩልና ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት፣ የድንኳን ውስጡን በመሀል ቅረጹ። ድንኳን ውስጥ እውነተኛ እሳት ክልክል ይሁን። ጧፍ ከፈለጋችሁ ከደጅ፣ አሸዋና ውኃ ባልዲ ውስጥ ተዘጋጅቶ።

ልብሱ ነጭ ጥጥ ነው፤ አዲስ ነጭ ግን በዚያ ፀሐይ ካሜራው ላይ ይቃጠላል። 10 ሊትር ውኃ አፍሉ፤ 100 ግራም ሻይ ቅጠል ጨምራችሁ አጥልሉ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ጨርቁን መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ አርሱት፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቁት። ደረቅ ከገባ ይዥጎረጎራል። የሚያብረቀርቅ ጥበብ ያለው ነጠላ፣ ፋብሪካ የታተመ ቀሚስ፣ የጎማ ጫማ፣ የእጅ ሰዓት፣ የጥፍር ቀለም ከያንዳንዱ አጃቢ ላይ ይፈተሽ፤ ይህን የሚሠራ አንድ ሰው መድቡ፣ ሌላ ሥራ አትስጡት። ጠጅ በብርሌ አይሁን፣ በቀንድ ዋንጫ ይሁን። አሞሌውን ከጄሶ 22 በ4 በ4 ሳንቲ ሜትር በእንጨት ቅርጽ አውጡ፣ ጎኑን በቢላ ቧጩት፣ በቅጠል እሰሩት። እውነተኛው 700 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ተዋናዩ ሲያነሣው ያን ክብደት ይወቀው፣ ባዶ ሣጥን እንደሚያነሣ ሰው አይቀለው።

ድምፁ ከምስሉ ይብሳል። የፍጥነት መንገዱ ጉምጉምታ፣ ነፋሱ፣ ከሩቅ የሚመጣ ሙዚቃ ሁሉ ይገባል። ማይክ ላይ ጸጉራም የነፋስ መከላከያ አድርጉ። ደረት ላይ የሚለጠፈውን ትንሽ ማይክ ከጋቢ ሥር ከደበቃችሁት ጨርቁ ይፋጫል፤ በዱላ የተያዘ ማይክ ከላይ ይሻላል። በየቦታው አንድ ደቂቃ ዝምታ ቅረጹ፤ አርትዖት ላይ ክፍተት የምትሞሉበት ነው።

ፈቃዱን ከቀበሌና ጉዳዩ ከሚመለከተው የከተማው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያዙ፤ ጦርና ጋሻ ይዞ የሚንቀሳቀስ ቡድን ያለ ደብዳቤ ከተገኘ ፖሊስ ቢያስቆመው አይፈረድበትም። ድሮን ያለ ፈቃድ አታብርሩ። ልጅቷን በቀን ከአራት ሰዓት በላይ አታሠሯት፤ ወላጅ አጠገቧ ይሁን፣ ጥላና ውኃ አይለይ፣ ቀረጻው ቅዳሜና እሑድ ወይም ትምህርት ሲዘጋ ይሁን። ባዶ እግር የሚሄዱበትን መሬት ጠዋት ጥረጉት፤ የግራር እሾህ በቀላሉ አይወጣም።

የምመክራችሁ ይህ ነው፤ በግማሽ አትውሰዱት። ግንቡን፣ ጠመንጃውን፣ ጀበናውንና ግሪን ስክሪኑን አሁኑኑ ከድርሰቱ አውጡ። አንድ ዓመት፣ 1440 ዓ.ም.፤ አንድ ቦታ፣ በፈጠጋር የሰፈረ የንጉሥ ከተማ፤ ሦስት ድንኳን፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ ዓቃቤ ሰዓት። ከዚያ ሙሉ ፊልሙን ከመጀመራችሁ በፊት የበርበሬውን ትዕይንት ብቻ፣ ስድስት ደቂቃ አድርጋችሁ፣ በሁለት ቅዳሜ ቅረጹት። የሰፈራችሁን ልጆችና አያቶች አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስባችሁ አሳዩ፣ እናንተ ግን ስክሪኑን ትታችሁ ፊታቸውን ተመልከቱ። አያቶቹ ከልጆቹ ቀድመው ከሳቁ ቀሪውን ጻፉ። ልጆቹ «ይሄ እኮ የሰርግ ልብስ ነው» ካሉ አልባሳቱን እንደገና ንከሩና ትዕይንቱን ደግማችሁ ቅረጹ።